አቮካዶ የተቀባው ጣት

አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ፈቃድ ያልወጣችው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ የመለሰ ሰው የለም። እሷን ራሷን የጠየቋት «ማን ይጠብልኝ ታዲያ?» የሚል ቃል ሰምተው ተመልሰዋል፤ ይህ ደግሞ መልስ አይባልም፤ በምትሠራበት ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ከእሷ ሌላ አራት አጣቢዎች አሉ። ከባል ሸሽታ ነው እንዳይባል ባል የላትም። ሥራው ደስ ብሏት ነው እንዳይባል፣ ከሥራ ስትወጣ ፊቷን ያየ ሰው ይህን አይልም። ነገሩ እንዲሁ ሆኖ ቀረ። ዓመቱ በዓመት ላይ እንደ ታጠፈ አንሶላ ተደራረበ፣ እሷም ከሥሩ ዋለች።

ክፍሉ ያለው በሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው። መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ስለተለጠፉ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ ያሳያሉ። ሦስት ትልልቅ ማጠቢያ ማሽኖች አሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ የታመመ ነው። ከየክፍሉ የሚመጣው አንሶላ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሰው እጅ መለየት አለበት፤ ደም የነካው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ቅባት የነካው ሙቅ ውሃና ሳሙና ውስጥ፣ የባሰበት በረኪና ውስጥ ይዘፈዘፋል። ታጥቦ የወጣውም ወደ ካውያው ከመሄዱ በፊት እንደገና ይታያል። ይህን የምትሠራው እሷ ናት። ሌሎቹ ሲያግዟት በዓይናቸው ያያሉ። እሷ ግን አንሶላውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጣቶቿ ጫፍ ትዳብሰዋለች። ዓይን የሚያልፈውን የደረቀ ነጠብጣብ፣ ጠርዝ ውስጥ ተሸሽጎ የቀረ ፕላስተር፣ አንዳንዴም የተረሳ መርፌ ጣቷ አግኝቶ ያወጣል። አንድም አንሶላ «አልጠራም» ተብሎ ተመልሶባት አያውቅም።

ጓንት ይታደላል። እሷ ግን አታደርግም። «ጓንት እጅን ያሳውራል» ትላለች። ስለዚህ ባዶ እጇን በረኪናው ውስጥ ነክራ ትውላለች። የሥራ ባልደረቦቿም ስሟን ትተው «እትዬ በረኪና» ይሏታል። ዕድሜዋ አርባ ሰባት ነው፤ እጇ ግን ቀድሟት አርጅቷል። የመዳፏ ቆዳ ነጥቷል፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ተሰነጣጥቋል፣ ጫፋቸው ደግሞ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ሆኗል።

ይህ ልሙጥነት ነገር እንደሚያመጣ ማንም አላሰበም፤ የጣት አሻራ ማሽኑ እስኪመጣ ድረስ።

ማሽኑ የመጣው በወሩ መጀመሪያ ነው። ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ሳጥን፣ የአስተዳደሩ ቢሮ በር ላይ ተሰቀለ። ማስታወቂያም ተለጠፈ፤ ሠራተኛ ሁሉ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ አሻራውን ያስመዝግብ፣ ከዚያ በኋላ የፊርማ መዝገብ ይቀራል፣ ማሽኑ ያላወቀው ሰው እንደቀረ ይቆጠራል፣ አምስት ቀን የቀረም ከሥራ ይሰናበታል ይላል። እሷ የመጀመሪያው ቀን ላይ ተሰለፈች። ነገር ማሳደር አትወድም።

የአስተዳደሩ ኃላፊ፣ ገና ወጣትና ትሑት የሆነ ሰው፣ አውራ ጣቷን የማሽኑ መስተዋት ላይ አስቀመጠላት። ቀይ መብራት በራ። ሌላውን ሞከሩ። ቀይ። አስሩንም ጣቶቿን አንድ በአንድ ሞከሩ። አስሩም ቀይ።

ከኋላዋ የተሰለፈው ልብስ ተኳሹ ነበር፤ በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ዝም ሲል የማይታወቅ ሰው ነው።

«እትዬ በረኪና፣ ጣትሽንም አብረሽ አጥበሽው ነው እንዴ?» አለ።

ሰልፉ ሳቀ። እሷም ትንሽ ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

«ዝም በል አንተ፣ ያንተን ደግሞ ካውያው ያልበላው መስሎሃል!»

የእሱን ጣት ማሽኑ ባንድ ጊዜ ተቀበለው። አረንጓዴ።

«እኔ አውቅዎታለሁ» አላት ኃላፊው ዝቅ ባለ ድምፅ። «አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ መሆንዎንም አውቃለሁ። ማሽኑ ነው የማያውቅዎት። እስከ ሃያ አንደኛው ቀን ይሞክሩ፣ እምቢ ካለ ግን እኔም ከበላይ የምሰማውን ነው የምፈጽመው።»

ወደ ምድር ቤት ስትወርድ ደረጃው ላይ ቆም አለች። ከዚህ ሌላ ሥራ አታውቅም። የሚያውቃት ቤትም ይሄው አንድ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ያጠበ እጅ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነች መናገር አቅቶት ይባረር?

የምትኖረው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ሲሆን ሁለት አልጋዎችን በመጋረጃ ለይተው ይኖሩበታል። እህቷ ጁስ ቤት ትሠራለች፤ ከጠዋት እስከ ማታ አቮካዶ ትልጣለች። አንዳንድ ቀን ከመጠን በላይ በስለው ለደንበኛ የማይቀርቡትን በላስቲክ ይዛ ትመጣለች። ያን ዕለት ምሽት ነገሩን ስትሰማ የታላቋን እጅ ስባ ከመብራቱ ሥር አገላብጣ አየችው።

«እታለም፣ ይሄ እጅ ነው? የተሰነጠቀ ሸክላ ነው እንጂ። የኔን እይ።»

የእህቷ እጅ እውነትም ለስላሳ ነው፤ የሕፃን ጉንጭ ይመስላል።

«ደንበኞች ሁሉ ‹የምትቀቢው ክሬም ምንድን ነው?› ይሉኛል። ክሬም የት አባቴ አውቃለሁ! አቮካዶው ነው። ቅባት አለው፣ ቫይታሚን አለው፣ ሌላም ስሙን የረሳሁት ነገር አለው። ስልኬ ላይ አይቻለሁ።»

«ስልክሽ ላይ ያላየሽው ምን አለ? ባለፈው ደግሞ በሽንኩርት ፀጉር ይበቅላል ብለሽ ቤቱን አገማሽው።»

«ይሄ ሌላ ነው። እጅሽን ስጪኝ አልኩሽ!»

ሰጠቻት። መከራከሩም ደከማት። እህቷ አቮካዶውን በሹካ ፈጭታ እስከ አንጓዋ ድረስ ለቀለቀቻት፣ ሁለቱንም እጆቿን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ በክር አሰረችላት።

«እንዲህ ሆኜ ሌባ ቢገባስ?»

«እሱንም ትቀቢዋለሽ!»

አምስት ምሽት እንዲህ ሆነ። በአምስተኛው ቀን ስንጥቁ ውስጥ በረኪና ሲገባ የሚለበልባት ነገር ቀለል አለላት። ቆዳዋም ጥቂት ለሰለሰ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ልቧ ውስጥ ከስንት ዓመት ወዲህ ያልነበረች አንዲት ትንሽ ተስፋ ብቅ አለች። ተስፋ ደግሞ ለደከመ ሰው አደገኛ ነገር ነው፤ ልክ አያውቅም። ትንሽ ከጠቀመ ብዙ ይበልጥ ይጠቅማል ብላ፣ በስድስተኛው ቀን ጠዋት የተፈጨ አቮካዶ በትንሽ ብልቃጥ ይዛ ሄደች። ከቢሮው በር አጠገብ ግድግዳ ጥግ ዞራ አስሩንም ጣቶቿን በደንብ አሸቻቸው። ከዚያ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት በቀሚሷ ጫፍ ለይስሙላ ጠረግ አድርጋ ተሰለፈች።

አውራ ጣቷን አስቀመጠች፤ ቀይ። ጫን አደረገችው፤ ቀይ። ሌባ ጣቷን፣ የመሀል ጣቷን። ማሽኑ ጭራሽ መብራቱን አጥፍቶ ፀጥ አለ። ኃላፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ መስተዋቱን አየ። አረንጓዴ ዝቃጭ ተለጥፎበታል፤ ከጠርዙም ገብቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ከኋላዋ ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል፤ ነርሶች፣ ጥበቃዎች፣ ምግብ አዳዮች። የቀጠለው ጥበቃ ጣቱን አስቀመጠ፣ ማሽኑ አላወቀውም። ነርሷንም አላወቃትም። ያን ዕለት ጠዋት ማሽኑ ማንንም አላወቀም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

«ጁስ አጠጣችው!» አለ ልብስ ተኳሹ ከሩቅ። «እትዬ፣ ስኳርስ ጨመርሽለት?»

ሳቁ ኮሪደሩን ሞላው። በዚህኛው ሳቅ ውስጥ ግን እሷ አልነበረችም። ብልቃጡን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ግድግዳውን ታክካ ወጣች።

የተከተለቻት የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ነበረች። ሰልፉ ውስጥ ቆማ ሁሉንም አይታለች። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ መነጽር የምታደርግ፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ወደ መድኃኒት ክፍሉ አስገብታ ወንበር ሰጠቻትና እጇን በጥጥ ጠርጋ በማጉያ መነጽር አየችው። ብዙ ቆየች።

«አቮካዶውን ማን አዘዘልዎት?»

«እህቴ። ከስልኳ።»

ፋርማሲስቷ አልሳቀችም።

«መጥፎ ነገር እንኳ አይደለም። ቅባቱ የቆዳን እርጥበት ይይዛል። ቫይታሚን ኢ አለው። ሌሎችም ከተክሉ የሚገኙ፣ ቆዳን ሊጠብቁ ይችላሉ ተብለው የሚጠኑ ነገሮች አሉት፤ ያ አረንጓዴና ቢጫ ቀለሙ ራሱ አንዱ ነው። ሰዎች በየቀኑ ሲበሉት ምን እንደሚሆን የታየበት ጥናትም አለ፤ የፊታቸው ቆዳ ትንሽ ጠንከር አለ ይላል። የተጠኑት ሰዎች ግን ጥቂት ናቸው፤ የታየውም ፊት ነው፣ እጅ አይደለም። የጠፋ አሻራ መለሰ የሚል እኔ አላነበብኩም።»

«እህቴ ዋሽታኛለቻ።»

«አልዋሸችም። ለስልሶ የለ? ቅባት ሁሉ ያለሰልሳል፤ ቫዝሊንም ያለሰልሳል። አሻራ ግን ከላይ አይቀባም፣ ከሥር ነው የሚመጣው። ቆዳው ራሱ ይሠራዋል፤ ከተውት። እርስዎ ደግሞ አልተውትም። ማታ ቀብተው ጠዋት በረኪና ውስጥ መንከር፣ ጣራው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።»

«እህቴ እጇ የለሰለሰው ታዲያ...»

«እህትዎ በረኪና ይነካሉ?»

ይህን እሷም ያወቀችው ይመስላታል፤ ከአፏ ግን ወጥቶ አያውቅም።

«ስንት ቀን ልተወው?»

«ሁለት ሳምንት። ምናልባት ከዚያም በላይ፤ ቃል አልገባልዎትም። ውሃ፣ ሳሙና፣ በረኪና አይንኩ። አቮካዶውን ይብሉት፣ ደስ ካለዎትም ማታ ይቀቡት። በምዝገባው ቀን ግን ንጹሕና ደረቅ እጅ ይዘው ይምጡ። እባክዎ ማሽኑን ምንም አያብሉት።»

ሁለቱም ፈገግ አሉ። የድካም ፈገግታ ነበር።

ከሃያ አንዱ ቀን የቀረው አስራ አምስት ነው። ወደ ኃላፊው ተመለሰች፤ ማሽኑን በጥጥ ሲጠርግ አገኘችው።

«ወንድሜ፣ ስለ ጠዋቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈቃድ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ፈቃድ? እርስዎ?»

ፋይሏን አወጣ። ወፍራም ነው፤ ቢያገላብጥ ቢያገላብጥ ግን አንድ የፈቃድ ቅጽ አላገኘም። አዲስ ቅጽ ሰጣትና ብዕር አቀበላት። ከቀን እስከ ቀን የሚለውን ሞላች፤ አስራ አራት ቀን። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ብዕሩ ቆመባት። ኃላፊው ሊረዳት ጎንበስ ሲል «እጅ» ብላ ጽፋ ነበር። እሱም አንብቦ ፈረመበት።

ማረፍ ሥራ ነው። ይህን የሚያውቅ ያላረፈ ሰው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ገና ሳይነጋ እንደ ልማዷ ተነሥታ ጫማዋን አደረገች፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። እህቷ ስትነሣ እንዲሁ አገኘቻት።

«እታለም፣ ወዴት ነው?»

«የትም።»

አስራ ዘጠኝ ዓመት ተደብቆ የነበረ ሕመም ሁሉ፣ ባለቤቲቱ ቤት ዋለች ሲባል የሰማ ይመስል ተራ በተራ ብቅ አለ። ወገቧ፣ ትከሻዋ፣ የግራ ጉልበቷ። እህቷ ብርጭቆ እንኳ እንዳታጥብ ከልክላታለች፤ ሰውነቷንም የምታጥብላት እሷው ሆነች። «እንደ ሙሽራ ታጥቤ፣ እንደ በሽተኛ ጎርሼ፣ ምን ቀረኝ?» ትላለች። «መተኛት ነዋ!» ትላለች እህቷ። ያ ነው የማይሆነው። ስትተኛ ጆሮዋ ውስጥ ማጠቢያው ማሽን ይዞራል፤ ጋደም ትልና ጥቂት ሳትቆይ ትባንናለች። ቀን አቮካዶ ትበላለች፣ ማታ አቮካዶ ትቀባለች። በስድስተኛው ቀን ሽታው ራሱ አንገሸገሻት።

«ነገ ደግሞ አስጠጪኝ፤ ያልሞከርሽው እሱ ነው የቀረው።»

«ጁስ ቤት ነይ፣ በነጻ ነው።»

በዘጠነኛው ቀን እህቷ ሥራ ስትሄድ አልጋዋን ሳታነጥፍ ወጣች። አንሶላው ላይ የሻይ ጠብታ ነበረ፤ የጥፍር ያህል። አየችው። ፊቷን አዞረች። እንደገና አየችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በትክክል አታስታውስም፤ ብቻ ራሷን ያገኘችው ግቢው ውስጥ ካለው የቧንቧ ውሃ ፊት ለፊት ነው፤ አንሶላው በክንዷ ላይ፣ በረኪናው ባልዲው ውስጥ ፈስሶ፣ ቧንቧው ተከፍቶ። ሽታው አፍንጫዋን ሲነካት ቤቷ የገባች ያህል ተሰማት። ይህ አስፈራት። እጇ ውሃውን ሊነካ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ።

ቆማ ጣቶቿን አየቻቸው። በፀሐይ ዘወር ስታደርጋቸው የግራ እጇ የቀለበት ጣት ጫፍ ላይ አንዳች ነገር አለ፤ ቀጫጭን፣ እርስ በርሱ የተከተለ፣ ነፋስ አሸዋ ላይ ጽፎት የሄደ የሚመስል መስመር። እዚያው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። ባልዲውን በእግሯ ገፍታ ደፋችው፤ ቧንቧውንም በክርኗ ዘጋችው። ውሃው መሬቱ ውስጥ እስኪሰምጥ ድረስ ጣቷን ስታይ ቆየች። ለረጅም ጊዜ ያላየችውን ሰው ደጇ ላይ ቆሞ ያገኘች ያህል ነበር።

ያን ምሽት ለእህቷ «አንሶላሽ ላይ ሻይ አለ» አለቻት።

«አውቃለሁ። ተይው።»

«ትቼዋለሁ።»

ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። በመጨረሻው ቀን የሚሰለፍ ሰው ጥቂት ነው፤ እሷ፣ አንድ ሾፌር፣ ከረጅም ሕመም የተመለሰች አንዲት ነርስ። ልብስ ተኳሹ ደግሞ ሥራውን ትቶ ደረጃው አናት ላይ ቆሟል። ፋርማሲስቷ እንዳለቻት እጇ ንጹሕና ደረቅ ነው። የቀኝ አውራ ጣት፤ ቀይ። ሌባ ጣት፤ ቀይ። የመሀል ጣት፤ ቀይ። የቀኙ እጅ አለቀ።

«ግራውን ይሞክሩ፣ እትዬ።»

አውራው፤ ቀይ። ሌባው፤ ቀይ። የመሀሉ ጣት ብልጭ አለና መልሶ ቀላ። የቀለበት ጣቷን አስቀመጠች። ማሽኑ ጥቂት አሰበ፤ ሰው እንኳ ለመፍረድ ይህን ያህል አይቆይም። ከዚያ አረንጓዴ በራ።

«አወቀዎት!» አለ ኃላፊው፤ ትሑትነቱን ረስቶ ጮኸ።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሰው ሆንሽ!» አለ ልብስ ተኳሹ ከደረጃው።

«አንተ መቼ ነው የምትሆነው?» አለችው።

ኃላፊው ስሟን ከጣቷ ጋር አገናኝቶ ከመዘገበ በኋላ ነገሩን አስረዳት። «ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ሲገቡ አንድ ጊዜ፣ ሲወጡ አንድ ጊዜ፣ ይህንኑ ጣት ነው የሚጠይቅዎት። ይጠብቁት።»

ጠዋት አንድ፣ ሲወጡ አንድ። በየቀኑ። ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስከ ደረጃው ግማሽ ድረስ አልገባትም ነበር፤ ግማሹ ላይ ገባት። ምድር ቤት ስትደርስ ሄዳ ከሳጥኑ ውስጥ ጓንት አወጣች፤ ቢጫ፣ ወፍራም፣ እስከ ክርን የሚደርስ። ሌሎቹ አጣቢዎች አዩዋትና ሥራቸውን ቀጠሉ። ጓንቱን አጥልቃ፣ ከማሽኑ የወጣውን፣ ገና በረኪና የሚሸተውን የመጀመሪያ አንሶላ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ዳበሰችው። ምንም የለም። አንሶላው እንደሌለ ነው፤ እጇም እንደሌለ ነው። በዓይኗ አየች፤ እንደ ሌሎቹ። አሳለፈችው። ሌላውንም አሳለፈችው።

ከቀትር በኋላ ልብስ ተኳሹ አንድ አንሶላ ይዞ መጣ። ጠርዙ አካባቢ የምስር ፍሬ ያህል የደረቀ ደም አለ፤ ካውያው ላይ ነው የታየው። አንዴ አንሶላውን፣ አንዴ ጓንቱን አየ። አፉን ከፈተ፤ የሚለው ነገር እንዳለው ፊቱ ይናገር ነበር። መልሶ ዘጋው።

«እኔ እዘፈዝፈዋለሁ፣ እትዬ» አለ። ቀዝቃዛው ውሃ ወዳለበት ገንዳ ይዞት ሄደ።

እሷም ወደ ቀጣዩ አንሶላ ዞረች፤ አጎንብሳ፣ ወደ መብራቱ አስጠግታ፣ ቀስ ብላ በዓይኗ ማየት ጀመረች። ዓይኗ ሥራውን አያውቀውም፣ መማር አለበት። በአርባ ሰባት ዓመት። የያዘችውን ጨርሳ ሌላ ሳበች።

በመውጫ ሰዓቷ ጓንቱን አውልቃ እጇን በደረቅ ጨርቅ ጠረገችና የቀለበት ጣቷን አስቀመጠች። አረንጓዴ። ማንም ሳያጨበጭብላት ወጣች። ቤት ስትደርስ እህቷ ሥራ ላይ ነበረች፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት አቮካዶዎችና ክዳን ያለው ሳህን ተቀምጠዋል። ሳህኑን አልከፈተችም። ጫማዋን አውልቃ፣ ሻሿን ፈትታ፣ መጋረጃውን ሳትዘጋ ጋደም አለች። ጆሮዋ ውስጥ ማሽኑ ይዞር እንደሆነ ጥቂት አዳመጠች። ውጭ ሰዎች ገና ከሥራ አልተመለሱም፤ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ነበረች። እንቅልፍ ሲወስዳት ከቀኑ አስር ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር።